የሚሰበረው ሞተሩ አይደለም፦ «በቪትዝ ዋጋ ስፖርት መኪና» ለተባለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «በቪትዝ ዋጋ ስፖርት መኪና» የሚል ጽሑፍ በቴሌግራምና በፌስቡክ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ይህን ያህል መሰራጨቱ አይገርምም። ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነው፤ ብዙ ሰው በልቡ ይዞት የሚዞረውን ምኞትም «ትችላለህ እኮ!» ይለዋል። በተለይ የሚያነጋግረው የከተማውን ዳር ነዋሪ ነው፤ የቱሉ ዲምቱን፣ የኮየ ፈጬን፣ የለገጣፎን፣ የሱሉልታን፣ የሰበታን ሰው። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፤ ምክሩ ቦሌ መንገድ ላይ ለሚኖር ሰው ቢሰጥ ግማሹ ያስኬድ ነበር።

ሐሳቡን እንዳላዛባ በአጭሩ ላስቀምጠው። ጸሐፊው የሃያ ዓመት ዕድሜ ያለው ቶዮታ ሴሊካ ወይም ሃዩንዳይ ኩፔ ከደህና ቪትዝ በማይበልጥ ዋጋ ይገኛል ይላሉ። ሞተራቸው የኮሮላና የኤላንትራ ስለሆነ መለዋወጫ አያስቸግርም። መንገዱ በኮሪደር ልማቱ ተስተካክሏል፣ ዝቅ ያለ መኪና መንዳት እንደ ድሮው አያሳቅቅም። ከ140 እስከ 190 የፈረስ ጉልበት በእጅ ይገባል፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ደግሞ ደጃችን ላይ ነው። የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለም ዋጋው አይወድቅም። በየመሀሉ ነዳጅ እንደማይበላ ያነሳሉ፤ መደምደሚያቸው «ዛሬ ያልገዛ ነገ ይቆጨዋል» የሚል ነው።

ከመለዋወጫው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 የተመረተው ሰባተኛው ሴሊካ በሁለት ዓይነት ባለ 1.8 ሊትር ሞተር ይመጣ ነበር። ባለ 140 ጉልበቱ ዋን ዜድዜድ የሚባለው ነው፤ በጊዜው ኮሮላዎች ላይ ከነበሩት ባለ 1.4 እና ባለ 1.6 ሞተሮች ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። የዘይት ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ቺንጋ ለማግኘት ሶማሌ ተራ ግማሽ ቀን ማጥፋት አይጠይቅም። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። «190» ብለው የጠሩት ግን ሌላኛው ሞተር ነው። ያማሃ አብሮ የሠራው ሲሆን፣ በደቂቃ ከ6,000 ዙር በላይ ሲሄድ ቫልቮቹን ይበልጥ ወደሚከፍት የካም (ቫልቮቹን የሚገፋው ዘንግ) ቅርጽ የሚሸጋገር ሥርዓት አለው። ተራ ኮሮላ ላይ ይህ ሥርዓት የለም። በካሙና በቫልቮቹ መሀል ያለውን ሮከር የያዙት ቡሎኖች ሲበሉ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ደህና እየሠራ ከፍተኛው ላይ ጉልበቱ ይጠፋል። የማያውቀው መካኒክ ካንዴላ፣ ከዚያ ቦቢና፣ ከዚያ የነዳጅ ፓምፕ ይቀይራል፤ ሂሳቡ ይደመራል፣ ጉልበቱ ግን አይመለስም።

የዋን ዜድዜድም ነገር እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቶች ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ፒስተኑ ላይ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ስለነበሩ በካርቦን ይደፈናሉ፤ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ይጣበቃል፣ ዘይቱ ይቃጠላል። ሞተሩ የሚይዘው ከ4 ሊትር ያነሰ ነው። ከዚህ ላይ በየሺህ ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ቢቀንስና ባለቤቱ ሊቮውን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) ባያይ፣ በሁለተኛው ወር ካቴናውና ኩሽኔታው በደረቁ ይፋጫሉ። መፍትሔ ተብሎ ፋሻ ብቻ ከተቀየረ ችግሩ ይመለሳል፤ በተሻሻለው ፒስተን ካልተተካ ቀዳዳው እንደገና ይደፈናል።

ይህ ሁሉ ግን የሞተር ወሬ ነው። ዋናው ነገር በከተማው ዳር ቶሎ ቶሎ የሚሰበረው ሞተር አለመሆኑ ነው። ከመኪናው ፊትና ሥር ያለውን ቁጠሩ፦ ፓራውልት፣ ፓራፋንጎ፣ የፊት መብራት፣ ኮፓ፣ ማርሚታ፣ ቸርኬ፣ ጎማ፣ ሾክ አብዞርበር፣ ጎሚኒ (የመገጣጠሚያ ላስቲኮች)። ከእነዚህ ውስጥ ኮሮላ ለሴሊካ የሚያበድረው ከጥቂቱ በቀር የለም። አንድ ባጃጅ ታጥፎ ሲገባ የፊት መብራት ቢሰብር የቪትዙ ባለቤት በማግስቱ ሥራው ላይ ነው። የሴሊካው ባለቤት ከዱባይ የሚመጣ ሰው ይፈልጋል፤ ካጣም የተሰነጠቀውን በማጣበቂያ አስለጥፎ ይከርማል፣ በክረምት ውሃ ይገባዋል፣ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ደግሞ መብራቱ ራሱ ጥያቄ ይሆናል። ጸሐፊው የቆጠሩልን ዕቃ የማይሰበረውን ነው።

ስለዚህም «ዋጋው አይወድቅም» የሚለው ነጥብ «መለዋወጫ አያስቸግርም» የሚለውን ይበላዋል። የቪትዝ አካል በርካሽ የሚገኘው ፋብሪካው ስለሚልክ ብቻ አይደለም። ብዙ ቪትዝ ስላለ ብዙ ቪትዝ ይጋጫል፤ የተጋጨው ተፈታትቶ በሩ ለብቻ፣ ኮፈኑ ለብቻ፣ መብራቱ ለብቻ ይሸጣል። ጥቂት ብቻ ያለበት መኪና ግን የሚፈታ ወንድም የለውም። ጸሐፊው «ብርቅ ስለሆነ ዋጋው አይወድቅም» ባሉበት አፍ «መለዋወጫው ሞልቷል» ማለት አይችሉም፤ አንዱን መምረጥ አለባቸው።

ወደ መንገዱ እንሂድ። ኮሪደር ልማቱ የመሀል ከተማውን አስፋልት እንዳሳመረው አልክድም። ከመገናኛ እስከ አያት፣ ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ የሚነዳ ሰው በዋናው መንገድ ላይ ብዙ አይቸገርም። መኪናውን የሚጎዳው ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ቤት እስኪደረስ ያለው የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ነው፤ ኮብልስቶኑ የሰመጠበት፣ ለውሃ ቱቦ ተቆፍሮ በአፈር የተመለሰበት፣ ነዋሪው በራሱ እጅ ብሬከር የሠራበት። በአቃቂ፣ በገላንና በኮየ ፈጬ በኩል ደግሞ መረሬው አለ። ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በየዓመቱ ሲነሳና ሲወርድ ከላዩ ያለውን አስፋልት ያስጎነብሰዋል። ዝቅ ያለ መኪና በጉድጓድ ብቻ ሳይሆን በዚህ ጉብታም ይፈተናል።

የዚህ ዓይነት ኩፔዎች ሆዳቸው ከመሬት ያለው ርቀት በአብዛኛው ከ12 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ነው። ቁጥሩን ከቪትዝ ጋር አስተያይቶ «ልዩነቱ ሁለት ጣት ነው» ማለት ይቻላል፤ ጸሐፊውም ይህንኑ ብለዋል። ግን ርቀቱ የሚለካው መኪናው ባዶ ሆኖ ሲቆም ነው። ኋላ ሁለት ሰው ሲቀመጥ ሞላው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ብሬከሩን በፍጥነት አልፎ የፊት ጎማ ሲያርፍ ሾክ አብዞርበሩ ይጨመቅና ለአፍታ ሌላ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ይጠፋል። መሬት የሚነካው ያኔ ነው። ስለዚህ ብሬከር ላይ መኪናውን የሚያድነው ዝግታው ነው፤ አንዱ ጎማ ከሌላው ቀድሞ እንዲወጣ ሰያፍ አድርጎ ማለፍም ይረዳል። አሮጌ ሾክ አብዞርበር ያለው ኩፔ ግን በዝግታም ይነካል፤ አንዴ ከወረደ በኋላ የሚወዛወዘውን የሚገታለት የለም።

ከሚነኩት ሁሉ አደገኛው ኮፓው፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ ነው። ሰው የሚፈራው መቀደዱን ነው፤ የተቀደደ ኮፓ ግን ዘይት ስለሚያፈስ ቶሎ ይታያል። የከፋው ሳይቀደድ ወደ ውስጥ የጎበጠው ነው። ዘይት የሚስበው ቱቦ አፍ ከኮፓው ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ወለሉ ወደ ላይ ሲጎብጥ አፉን ይዘጋዋል፤ ሊቮው ላይ ዘይቱ ሙሉ እየታየ ሞተሩ ግን ይጠማል። መሬት ከነካ በኋላ በባዶ ማርሽ የዘይት መብራት ብልጭ ካለ ሞተሩን እዚያው አጥፍቶ ኮፓውን ማስፈታት ነው። «እስከ ጋራዥ ላድርሰው» ማለት ሞተር ያስበላል።

ከኮፓው ሥር መከላከያ ላሜራ ማስበየድ ይረዳል፣ በልኩ ከሆነ። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በሻንሲው እንጂ በሞተሩ ላይ ያልታሰረ፣ የዘይት መፍሰሻው ጋ ቀዳዳ ያለው መሆን አለበት። ዋጋው ደግሞ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ነው፤ ካለው ትንሽ ላይ ይቀንሳል። ከፋብሪካው የመጣውን የፕላስቲክ ሽፋን ጥሎ በላሜራ መተካትም የተለመደ ስህተት ነው። ያ ፕላስቲክ አየሩን ወደ ራዲያተር የሚመራ ነው፤ ከተጣለ በኋላ «በእንጦጦ ዳገት ለምን ይሞቃል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

«ሞላው ላይ ላስቲክ አስገብቶ ከፍ ማድረግ ነው» የሚለው የጽሑፉ ምክርም ልክ ያስፈልገዋል። 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብዙ ጉዳት የለውም። ከዚያ ሲያልፍ ከካምቢዮ ወደ ፊት ጎማ የሚሄደው አክስል ጋዳላ ይሆናል፤ የላስቲክ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ቅባቱ ይወጣል፣ አቧራ ይገባል፣ መሪ ሲጠመዘዝ ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። ከፍ ከተደረገ በኋላም የጎማ አላይመንት ካልተስተካከለ የፊት ጎማው በአንድ ጎኑ ይበላል።

የተሻለው መንገድ ጎማው ነው፤ ጽሑፉ ግን ስለ ጎማ አንድ መስመር የለውም። የሴሊካው 205/50 ሪም 16 ጎማ (205 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 50 የግድግዳው ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 16 የቸርኬው ልክ በኢንች) ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት ያለው ግድግዳ 102 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ኮሮላ ላይ የሚታየው 195/65 ሪም 15 ግን 127 አለው። ግድግዳው ባጠረ ቁጥር ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ጎማው በቸርኬውና በድንጋዩ መሀል ይቆረጣል፤ ጎኑ ላይ እብጠት ይወጣል። ያን እብጠት ጎሚስታ አይጠግነውም፣ ጎማው ይጣላል። በምትኩ ባለ 15 ቸርኬ ፈልጎ 195/60 ማድረግ ይቻላል። ግድግዳው 117 ይደርሳል፤ የጎማው አጠቃላይ ቁመት የሚለወጠው ከአንድ በመቶ በታች ስለሆነ የፍጥነት መለኪያው አይሳሳትም። ከመክፈል በፊት ቸርኬው የፍሬኑን ፒንሳ (የፍሬን ሸራውን የሚይዘውን) ሳይነካ መዞሩን ማየት ነው። ጎማ ሲገዛም ጎኑ ላይ ያለችው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ትነበብ፤ 3219 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ32ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ብዙ የማይሸጥ መጠን መደርደሪያ ላይ ያረጃል።

ጽሑፉ ጣሪያው የሚከፈተውን ማዝዳ ኤምኤክስ-5ም በአድናቆት ይጠቅሳል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ የሸራው ጣሪያ ውሃ የሚያፈስበት ቀዳዳ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ግራና ቀኝ አለ። የበጋው አቧራ ይሞላዋል፣ የሰኔው የመጀመሪያ ዝናብ ጭቃ ያደርገዋል፣ ከዚያ በኋላ ውሃው ምንጣፍ ሥር ይተኛል። ዝገቱ የሚታየው ከሁለት ክረምት በኋላ ነው። ቀዳዳውን ግንቦት ላይ ማጽዳት ምንም አያስወጣም።

ጉልበትን በተመለከተ የጽሑፉ ቁጥሮች የተለኩት በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ላይ ነች፤ አየሩ ስስ ነው። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታው አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 140 የነበረው እዚህ 107 አካባቢ ነው፤ 190ው 145 ይሆናል፤ ሱሉልታ ሲወጣ ከዚያም ይቀንሳል። ኤሌክትሪክ መኪና ከፍታ አያውቅም። 150 ኪሎዋት ሞተር ያለው የቤተሰብ ኤሌክትሪክ 204 ጉልበቱን እንደያዘ ስለሚነሳ፣ አራት ሰውና የአስቤዛ ዕቃ ጭኖ ሴሊካውን መብራት ላይ ጥሎት ይሄዳል። ለዝና ብሎ የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የሚሰጥ ነገርም አለ። አንዳንድ አስተያየት ሰጪዎች «እነዚህ ሞተሮች ከፍተኛ ኦክቴን ይፈልጋሉ፣ በእኛ ቤንዚን ይንኳኳሉ» (ቤንዚኑ ያለጊዜው ይቀጣጠልባቸዋል) ብለው ሲሟገቷቸው አይቻለሁ። ተርቦ ለሌለው ሞተር ስጋቱ የተጋነነ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር በማነሱ በሚጨመቅበት ጊዜ ያለው ግፊትም ያንሳል፤ ከፍታው ራሱ ሞተሩን ከመንኳኳት ይጠብቀዋል። ተርቦ ባለው ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ ተርቦው የጎደለውን አየር ስለሚሞላ ግፊቱ አለ። በነዳጅ ፍጆታም ልክ ናቸው፤ ቀላል ክብደት ያለው ባለ 1.8 ኩፔ ተረጋግቶ ለሚነዳው ከኮሮላ ብዙ አይርቅም።

የፍጥነት መንገዱ ገደብ ለሴሊካም ለቪትዝም አንድ ነው፤ ቪትዙም ይደርስበታል። ጎማው ዘጠኝ ዓመት የሞላው፣ የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ መኪና ይዞ ወደ አዳማ ቁልቁል መክነፍን «መዝናኛ» ብሎ መጻፍም ኃላፊነት የጎደለው ነው። የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል፤ ውሃ የሳበ ዘይት ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት። የዚህ መኪና እውነተኛ ደስታ ሌላ ቦታ ነው፤ በእንጦጦ ጠመዝማዛ ላይ በ50 እና በ60 ኪሎ ሜትር፣ መሪው መንገዱን ለእጅ ሲነግር፣ መኪናው ሳይዘም ሲታጠፍ። ይህን ኤሌክትሪኩ ከነክብደቱ አይሰጥም። ጸሐፊው ለኩፔ ሊከራከሩ ይችሉ የነበረው በዚህ ነበር፤ አልነኩትም።

ዋጋው አይወድቅም ስለተባለው፦ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ኩፔ ቁጥሩ አይጨምርም፣ ስሌቱ ትክክል ነው። ግን የተጠየቀው ዋጋና እጅ የሚገባው ገንዘብ ይለያያሉ። ባለ ሁለት በር መኪና ለራይድ አይመችም፣ ልጆች ያሉት ሰው አይፈልገውም። ቪትዝ ገንዘብ በቸገረ ሳምንት ይሸጣል፤ ኩፔ ወዳጁን ይጠብቃል። ገንዘብ የቸገረው ሻጭ ደግሞ ወዳጁ እስኪመጣ አይቆይም፣ ለደላላ ዋጋ ይለቃል።

ከዚሁ ጋር ኢንሹራንሱ አለ። ዓረቦን ለመቀነስ ሲባል ሁለት ሚሊዮን የሚያወጣ መኪና በአንድ ሚሊዮን የሚያስመዘግብ ሰው ብዙ ነው። 200,000 ብር ጉዳት ቢደርስ ድርጅቱ የሚያስበው በግማሽ ነው፤ 100,000 ይከፍላል፣ ከዚያም ላይ የራስ ድርሻ ይቀንሳል። መለዋወጫው ብርቅ ለሆነ መኪና ይህ ከሌላው ይልቅ ያማል።

የመጀመሪያው ነጥብ፣ የመግዣ ዋጋው፣ እውነት ነው፤ የሚከራከር የለም። «ዛሬ ያልገዛ ይቆጨዋል» የሚለው ጥድፊያ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ዓይነት ነው። የሚገዛ ሰው ይግዛ፣ መርምሮ። ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ጠዋት በብርድ ይነሳ፤ ሰማያዊ ጭስ የዘይት ምልክት ነው። የሲሊንደሮቹ ግፊት ይለካ። እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ ይሳሳታል፤ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ 13 ባር ሲል እዚህ ከፍታ ላይ 10 አካባቢ መታየቱ ጤና ነው፣ «ሞተሩ ደክሟል» አያሰኝም። መታየት ያለበት በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከአንድ ባር በላይ ከሆነ ይቅር። የሃዩንዳዩ ባለ 2 ሊትር ሞተር ካሙን የሚያዞረው በካቴና ሳይሆን በቺንጋ ስለሆነ መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ በገዢው ወጪ ወዲያውኑ እንደሚቀየር ይታሰብ፤ ከተበጠሰ ቫልቮቹን ያጣምማል። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር፤ ዘይት የበላ ሞተር በሌላ ተተክቶ ወረቀቱ ያልተስተካከለበት መኪና ስም ሲዛወር ይቆማል።

ቀብድ ከመክፈል በፊት ደግሞ ሻጩን አስከትሎ፣ ኋላ ሁለት ሰው ጭኖ፣ መኪናውን ከዋናው አስፋልት እስከ ራስ ቤት በር መንዳት ነው። በመልሱ ጋራዥ ላይ ይነሳና ኮፓው ይታይ።